ከሽሮ ሜዳ ቁልቁል

ሽሮ ሜዳ ልጅ ያሳደገ ሰው መንገዱ ሁለት መሆኑን ያውቃል፦ ሽቅብ ወደ እንጦጦ፣ ቁልቁል ወደ ስድስት ኪሎ። በ1980ዎቹ መጨረሻ ልጆቼ ትናንሽ በነበሩበት ጊዜ እሑዳችንን የምናሳልፈው ከሁለቱ በአንዱ ነበር። መኪና አልነበረንም። ዥዋዥዌና መንሸራተቻ ያለው የልጆች መጫወቻ በአካባቢያችን አልነበረም። የነበረን ዳገትና ቁልቁለት፣ አንበሳ ግቢ፣ ጃንሜዳ፣ የእንጦጦ ባሕር ዛፍና በየደጃፉ ተቀምጦ የሰውን ልጅ እንደ ራሱ ልጅ የሚጠራ ጎረቤት ነው። ልጆቼ እግር ያወጡት በዚያ መንገድ ላይ ነው፤ አጋንኜ አይደለም የምለው።

ሕፃን ይዞ የሚወጣ ሰው ዝግጅቱን የሚጀምረው ከዋዜማው ነው። ቅዳሜ የሽንት ጨርቆቹ ታጥበው ገመድ ላይ ይሰጣሉ፤ የእንጦጦ ደመና ካልከለከለ እስከ ማታ ይደርቃሉ፣ ከከለከለ ምድጃው አጠገብ ወንበር ላይ ተዘርግተው ያድራሉ። እሑድ ጠዋት አጥሚቱ ሞቅ ተደርጎ ጡጦ ውስጥ ይገባል፣ እንቁላል ይቀቀላል፣ ሻይ በፔርሙስ ይቀዳል። አማቴ፣ ልጆቹም እኛም እማማ የምንላቸው፣ በትንሽ ጣሳ ጭኮ ጠቅጥቀው ይሰጡናል። የሰላሌ ሰው ነበሩ። የተቆላ ገብስ ተፈጭቶ በቅቤ የታሸ ነገር ያልያዘ መንገደኛ ስንቅ ይዟል ብለው አያምኑም ነበር። እውነታቸውን ነው፤ ጭኮን የሚያህል የሕፃን ስንቅ እስከ ዛሬ አላየሁም። አይፈስም፣ ቶሎ አይበላሽም፣ ጥርስ ያላበቀለ ልጅ እንኳ በድዱ እያላመጠ ይውጠዋል።

እማማን ከሁሉ በላይ የሚያሳስባቸው ምች ነበር። ላብ ያለው ልጅ ነፋስ ካገኘው፣ ወይም ቅቤ የነካ አፉን ሳይጠርጉለት ፀሐይ ከመታው፣ ማታ ያተኩሰዋል፣ ጠዋት ከንፈሩ ይቆስላል ይላሉ። ስለዚህ ልጆቹ ኮፍያ ሳይደረግላቸው፣ አፋቸው በእርጥብ ጨርቅ ሳይጠረግ ከደጅ አይወጡም። ስንመለስ ደግሞ ጓሮ ገብተው ዳማከሴ ቀንጥሰው ይጠብቁናል። ቅጠሉን በሁለት መዳፋቸው መሀል አድርገው አረንጓዴ ጭማቂ እስኪወጣው ያሹታል፤ ከዚያ የልጁን ግንባር፣ የጆሮውን ኋላ፣ የአንገቱን ሥር በቀስታ ይቀባሉ። ልጁ አይኑን ጨፍኖ ይቆማል። በኋላ ሳየው በዚያው ሽታ ውስጥ እንቅልፍ ይዞት ሄዷል። የሕክምና ሰዎች ስለ ምች የሚሉትን አውቃለሁ። ነገር ግን ልጅ ከመንገድ ሲገባ ቁጭ ብሎ የሚጠብቀው፣ ገላውን አገላብጦ የሚያይ ትልቅ ሰው ቤት ውስጥ መኖሩ ምን ያህል እንደሚያሳርፍ ያወቅሁት እሳቸው ካረፉ ወዲህ ነው።

ቁልቁለቱን የምንወርደው ታናሺቱን እኔ በአንቀልባ አዝዬ፣ ትልቁን አባቱ በእጁ ይዞት ነው። ለጎልማሳ እግር ግማሽ ሰዓት የማይሞላው መንገድ ከሁለት ዓመት ልጅ ጋር ሲሆን እስከ ረፋድ ይወስዳል። መጀመሪያ የአገር ልብስ ሱቆቹ አሉ። ሽሮ ሜዳ የሸማኔ ሰፈር ነው፤ ከጋሞ ደጋ የመጡ የዶርዜ ሰዎች ጥበባቸውን ይዘው የሠፈሩበት ነው። ነጠላው፣ ጋቢው፣ ቀሚሱ ከሱቁ ደጃፍ እስከ እግረኛው መተላለፊያ ድረስ ተሰቅሎ ስለሚውል ለትንሽ ልጅ ቁመት ረጅም ነጭ ድንኳን ይሆናል። ልጄ በአንዱ ሱቅ ቀሚሶች ሥር ገብቶ በሌላው ይወጣል። ባለሱቆቹ ዕቃቸው እንዳይነካባቸው መፍራት ይገባቸው ነበር፤ ይልቁንም ከሽመና የተረፈ ቀይና አረንጓዴ ክር እየቆረጡ በእጁ አንጓ ላይ ያስሩለታል። ቤት ስንደርስ ሁለቱም እጁ በክር ተሞልቶ ይገባል።

በዚያው መንገድ ከእንጦጦ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች ያጋጥሙናል። ሸክሙ ከራሳቸው ቁመት ይበልጣል፤ ወገባቸው ታጥፎ ዓይናቸው መሬት መሬቱን ነው የሚያየው። ምናልባት ለዚህ ይሆናል ከሁሉ መንገደኛ ቀድመው ሕፃኑን የሚያዩት እነሱ የነበሩት። አቀርቅሮ የሚሄድ ሰው ዓይን የሚያርፈው የሁለት ዓመት ልጅ ፊት ላይ ነው። ከዚያ ሁሉ ሸክም ሥር ሆነው «እደግ፣ የኔ ጌታ!» ብለውት ያልፋሉ። አንዷ ሴት አንድ እሑድ ከተሸከመችው ቅጠል ላይ ለምለሙን ቅርንጫፍ መዝዛ ሰጠችው። ቀኑን ሙሉ ይዞት ዋለ፤ ሊነጥቀው የሞከረ ሁሉ በለቅሶ ተመለሰ። እነዚያ ሴቶች ለልጆቼ የሰጧቸው ምርቃት ከየትኛውም ስጦታ ይበልጥብኛል። የራሳቸውን ልጆች ማን ይዞላቸው እንደሚወጣ ግን ያኔ አልጠየቅኋቸውም፤ ዛሬም መልሱን የሚነግረኝ የለም።

መንገዱ ዳር ያለውን የኤምባሲ ረጅም አጥር አልፈን ስድስት ኪሎ እንደርሳለን። አደባባዩ መሀል የየካቲት 12 ሐውልት ቆሟል። በ1929 ዓ.ም. በጣሊያኑ ሹም በግራዚያኒ ላይ ከተጣለው ቦምብ በኋላ የፋሺስት ጦር በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ ያወረደው ጭፍጨፋ በነሐስ ተቀርጾበታል፤ ቦምቡ የተጣለበት የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥትም እዚያው ጎን፣ ዛሬ ዩኒቨርሲቲው ያለበት ግቢ ነው። የሁለት ዓመት ልጅ ይህን ምን ያውቃል? ትልቁ ልጄ ግን አውራ ጣቱን አፉ ውስጥ እንደከተተ ቀና ብሎ የተቀረጹትን ሰዎች አየና «ለምን ተኙ?» አለ። አባቱ ቁጢጥ ብሎ ከፊቱ ተቀመጠ። «ክፉ ሰዎች መትተዋቸው ነው» አለው። ልጁ ጥቂት አሰበ፤ «እማማ ትቀባቸው» አለ። ዳማከሴውን ማለቱ ነበር። በየካቲት 12 ቀን አበባ ሲቀመጥ በቴሌቪዥን ባየሁ ቁጥር ከታሪክ መጻሕፍቱ ይልቅ ይህ የልጄ ቃል ነው የሚመጣብኝ።

አንበሳ ግቢ ከዚያ ሁለት እርምጃ ነው። በአካባቢው የሚኖሩ ሰዎች ንጋት ላይ የአንበሶቹን ግሣት እየሰሙ ነው የሚነሡት። ግቢው የተቋቋመው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1948 ነው። የአንበሶቹ ቤቶች ክብ ሠርተው ስለተደረደሩ አንዱን ዙር የጨረሰ ሁሉንም አይቶ ይወጣል። ጎፈራቸው ጥቁር ነው፤ ከራስና ከአንገት አልፎ በደረት በኩል እስከ ሆድ ሥር ይወርዳል። እኛ ያኔ አንበሳ ሁሉ እንዲህ ነው ብለን እናስብ ነበር። በአውሮፓውያን 2012 የታተመ የዘረ መል ጥናት ግን የአዲስ አበባዎቹ በሌላ ቦታ ከተጠኑት የአፍሪካ አንበሶች በዘራቸው የተለዩ መሆናቸውን አሳየ። በጥቂት ሳንቲም ከልጆቻችን ጋር ገብተን የምናያቸው እነዚያ እንስሶች በዓለም ላይ ብርቅ ነበሩ ማለት ነው። ይህን በጋዜጣ ሳነብ ደስታም ቁጭትም ተቀላቀለብኝ፤ እንዲህ ያለ ሀብት በእንዲያ ያለ ጠባብ ቤት ነበር የሚኖረው።

ልጆቼ አንበሳን የሚያውቁት ከእማማ ተረት ነው። አያ አንበሶ፣ አያ ጅቦ፣ እመት ጦጢት እያሉ ማታ ማታ ያወጉላቸዋል። ስለዚህ ትልቁ ልጄ ከአንበሳው ፊት ሲቆም አልፈራም፤ ዙሪያውን ማየት ጀመረ። «ጦጢትስ?» አለኝ። በተረቱ ውስጥ አብረው ናቸውና እዚህም አብረው ሊሆኑ ይገባል። ጦጣዎቹ ወዳሉበት ወስጄ ሳሳየው የተለየ ቤት ውስጥ መሆናቸው አልዋጥለት አለ። «ትምጣ» እያለ ወደ አንበሳው ይጎትተኛል። አባቱ አንበሳው ጾም ይዞ አያውቅም ሊለው ነው መሰለኝ አፉን ከፈተ፤ ተወው።

ብዙ ወላጅ እዚህ ላይ ሲደክመው አያለሁ። ልጁን አንበሳ ሊያሳይ ከቤት አውጥቶ፣ ልጁ ሌላ ነገር ሲያይ ፊቱን በእጁ ይዞ ወደ አንበሳው ያዞርለታል። እኛም ዙሩን ስንጨርስ ልጄን ከሁሉ ይልቅ የያዘው ጠባቂው ግቢውን በጎማ ሲያጥብ ነበር። ውሃው ከሲሚንቶው ወርዶ በቦይ ሲሄድ፣ የወደቀ ቅጠል ይዞ ሲንሳፈፍ፣ ጥጉ ላይ ሲዞር እየተከተለ ይሄዳል። ቅጠሉ ሲሰወር ወደ መነሻው ሮጦ ሌላ ይጥላል። ጠባቂው ጎልማሳ ሰው ነበር። ሥራውን አልጨረሰም፤ ግን ጎማውን ልጁ ካለበት በኩል አዙሮ ውሃው ረዘም ላለ ጊዜ እንዲፈስለት አደረገ። ስሙን አላወቅሁም። አመሰገንሁት፤ «ልጅ አይደል!» ብሎኝ ሥራውን ቀጠለ።

ከአንበሳ ግቢ ወጥተን ወደ ጃንሜዳ ስንታጠፍ ግን እኔ ራሴ ትንፋሽ አገኛለሁ። ጃንሜዳ በነገሥታቱ ዘመን ሰልፍና የፈረስ ውድድር የሚታይበት፣ ለጥምቀት ታቦታት የሚያድሩበት፣ ለገና በዓል ገና የሚመታበት፣ የአገር አቋራጭ ሯጮቻችን የሚፈተኑበት ሜዳ ነው። እንደ እኔ ላለች እናት ደግሞ ልጅ ከጀርባ የሚወርድበት ቦታ ነው። ቤታችን ሁለት ክፍል ነበር። ምድጃው እዚያው፣ ጀበናው እዚያው፣ ከበሩ ሲወጡ ደረጃ፣ ከደረጃው ቀጥሎ ቦይ። ልጆቼ በሳምንት ውስጥ ከማንኛውም ቃል አብልጠው የሚሰሙት «ተው» እና «አትንኪ» ነበር። ጃንሜዳ ላይ እነዚህን ቃላት አፌ ውስጥ ይዤ እውላለሁ፤ የምላቸው ነገር የለም። ምን ልከልክል? ሣር ነው።

ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ ሜዳው ለምለም ይሆናል፤ አደይ በየጠርዙ ይታያል፤ መሬቱ ረግቶ እግር አያሰምጥም። ታናሺቱ ልጄ ያለ ድጋፍ የተራመደችው በአንዱ የመስከረም እሑድ እዚህ ነው። ነጠላዬን ዘርግቼ አስቀምጫት ነበር። መጀመሪያ በእጆቿ መሬቱን ተመረኮዘች፤ መቀመጫዋን ወደ ሰማይ አድርጋ ትንሽ ቆየች፤ ከዚያ ቀና አለች። ሣሩ ለስላሳ ስለሆነ ጫማዋን አውልቄላት ነበርና ጣቶቿ አፈሩን ጭብጥ አድርገው ሲይዙ አየሁ። ወደ እኔ አልነበረም የሄደችው። አጠገባችን ልጆች በጨርቅ ኳስ ይጫወቱ ነበር፤ ወደ እነሱ ነው። ሁለት፣ ሦስት፣ ሌላም እርምጃ። ኳሱ እየተንከባለለ መጥቶ እግሯ ሥር ቆመ። የአሥር የአሥራ ሁለት ዓመት የሚሆኑ ወንዶች ልጆች ናቸው፤ ከመካከላቸው አንዱ እጁን አንሥቶ ጨዋታውን አስቆመ። ሁሉም ቆሙ። እሷ ጎንበስ ብላ ኳሱን ልትነካ ስትል በአፍጢሟ ተደፋች፤ አላለቀሰችም። ያ ልጅ አንሥቷት፣ ልብሷን በሁለት እጁ አራግፎ፣ እጇን ይዞ ኳሱን በእግሯ አስነካት። «ጎል!» ብለው ጮኹላት። ባለቤቴ እኔን ሲያየኝ እንባዬ ወርዶ ነበር።

ጃንሜዳ በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ሲገባ አትክልት ተራ ወደዚያ ተዛውሮ ለወራት የሽንኩርትና የቲማቲም ገበያ ሆኖ ነበር። ምክንያቱ ይገባኛል፤ ሰው በጠባብ ቦታ እንዳይተፋፈግ ተብሎ ነው። ግን ሜዳውን በመኪና ጎማ ታርሶ፣ በጭቃና በበሰበሰ አትክልት ተሸፍኖ ሳየው የአንድ ዘመዴ ቤት እንደተዘረፈ ያህል ነው የተሰማኝ። ለ2013 ጥምቀት ገበያው ተነሥቶ፣ ወጣቶች አካፋና መጥረጊያ ይዘው ወጥተው አጸዱት። ከእነዚያ ወጣቶች መካከል በልጅነታቸው እዚያ ዳዴ ያሉ እንደሚኖሩ አልጠራጠርም።

ስለ ጥምቀት ካነሣሁ፣ ከተራ ሌላ ዓይነት መውጫ ነበር። ጥር 10 ከሰዓት በኋላ ታቦታቱ ከየአድባራቱ ሲወርዱ ስድስት ኪሎ መርፌ መጣያ አይኖረውም፤ ትንሽ ልጅ ያለው ሰው በአንቀልባ ካላዘለ ወይም ትከሻ ላይ ካላወጣ አይንቀሳቀስም። ልጆቻችን ጥምቀትን ያዩት ከአባታቸው ትከሻ ላይ ሆነው ነው። የጃንጥላው ወርቅ፣ የካህናቱ አልባሳት፣ የመዘምራኑ ከበሮ ሁሉ በዓይናቸው ትክክል ነበር፤ እኔ ግን የሰው ጀርባ ብቻ አይቼ ነው የምመለሰው። ምን አየህ ብዬ ጠይቄ ከልጄ አፍ ነበር በዓሉን የምሰማው።

መመለሻው ዳገት ነው፤ በእግር አይሞከርም። ስድስት ኪሎ ላይ አንበሳ አውቶቡስ እንጠብቃለን። እሑድ ማታ አውቶቡስ ሞልቶ ነው የሚመጣው፤ መቀመጫ አናገኝም። ግን በር ላይ እግሬን ሳሳርፍ ከውስጥ እጅ ይዘረጋል። «አምጪው፣ እኔ ልያዘው።» ማን እንደሆነች አላውቅም። ልጁ ከእቅፌ ወጥቶ በሰው ራስ ላይ ተሻግሮ የማላውቃት ሴት ጭን ላይ ይቀመጣል። ጡጦው ይከተላል፤ ኮፍያውም ይከተላል። እኔ ብረቱን ይዤ ከሩቅ አየዋለሁ። አንዲት ሴት ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ የእንቅልፍ ላብ የያዘውን ግንባሩን ስትጠርግለት ያየሁበት ጊዜ ነበር። ሽሮ ሜዳ ስንደርስ ልጁ በዚያው መንገድ፣ ከእጅ ወደ እጅ፣ ወደ እኔ ይመለሳል። አዲስ አበባ ላይ ልጅ ማሳደግ ይከብዳል ለሚለኝ ሰው ይህን እነግረዋለሁ። ያ አውቶቡስ የሚያውቀኝ ሰው አልነበረበትም፤ ልጄ ግን አንድም ቀን ቆሞ አልሄደም።

እንጦጦ የምንወጣው ከዚህ ባነሰ ነው፤ ዳገቱ ከባድ ነው፣ ከፍታውም ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ነፋሱ ይበርዳል። ማርያም ቤተ ክርስቲያን ተሳልመን፣ ዳግማዊ ምኒልክ አዲስ አበባን ከመቆርቆራቸው በፊት የኖሩበትን ቤት ከውጭ አይተን፣ ባሕር ዛፍ ሥር እንቀመጣለን። ልጆቹ የባሕር ዛፉን ፍሬ ሲለቅሙ ይውላሉ። ኪሳቸው በፍሬ ሞልቶ ይመለሳሉ፤ በልብስ ማጠቢያው ቀን ከየኪሱ እየወጣ ሳፋው ሥር ይቀራል።

ልጆቹ አድገው ትምህርት ቤት ከገቡ ብዙ ዓመት ቆይቶ፣ በ1999 መስከረም፣ አንድ ዜና ሰማሁ። ዘረሰናይ ዓለምሰገድ የተባለው ኢትዮጵያዊ ተመራማሪና ባልደረቦቹ አፋር ውስጥ ዲኪካ በተባለ ቦታ ያገኟትን የሕፃን ቅሪተ አካል ለዓለም አስታወቁ። ሰላም አሏት። 3.3 ሚሊዮን ዓመት የሆናት፣ ሦስት ዓመት ያልሞላት ሴት ልጅ። ከሉሲ፣ ከድንቅነሽ፣ በዕድሜ ትቀድማለች፤ ሰው ግን የሉሲ ልጅ እያለ ይጠራታል። ቅሪተ አካሏ የሚጠበቀው ከአንበሳ ግቢ ቁልቁል ትንሽ ወረድ ብሎ በሚገኘው፣ አምስት ኪሎ ባለው ብሔራዊ ሙዚየም ነው። እኛ ከልጆቻችን ጋር በምንዞርበት በዚያው መንገድ ዳር ማለት ነው። በአውሮፓውያን 2018 ደግሞ እግሯን ያጠኑ ሰዎች አንድ ነገር ጻፉ። ሰላም በሁለት እግሯ ቆማ ትሄድ ነበር፤ ግን የአውራ ጣቷ ሥር ያለው አጥንት ጣቷን ከትልልቆቹ ይልቅ ለመጨበጥ ያስችላት ነበር። ይህም ዛፍ ለመውጣት፣ እናቷንም አጥብቃ ለመያዝ ሳይረዳት አልቀረም አሉ። ይህን ሳነብ ጃንሜዳ ላይ አፈሩን የጨበጡት የልጄ ጣቶች ናቸው ፊቴ የመጡት። በዚያ ዘመንም ሕፃን እናቱን ይይዛል፣ ከእናቱም ወርዶ መሬት ይረግጣል። ሁለቱም ያስፈልጉታል።

ዛሬ የልጅ ልጅ አለችኝ፤ ሁለት ዓመቷ ነው። እናቷ፣ ያቺ ጃንሜዳ ላይ የተራመደችው ልጄ፣ አያት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች። እሑድ ልጠይቃቸው ስሄድ በባቡር ነው። ከአያት ጦር ኃይሎች የሚሄደው የከተማ ባቡር በ2008 ጥቅምት ሥራ ሲጀምር ለመጓጓዣ ነበር የታሰበው፤ ለልጅ ልጄ ግን መዝናኛዋ ነው። መስኮቱ ላይ አፍንጫዋን ለጥፋ የምታየውን ሁሉ ሰላም ትላለች። ስታዲየም ወርደን መስቀል አደባባይ ስንደርስ እጄን ትለቃለች። ቦታው ሰፊ ነው፣ ከታደሰ ወዲህም ንጹሕ ነው፤ ትሮጣለች፣ እኔ ደረጃው ላይ ተቀምጬ አያታለሁ።

ከተማችን በእነዚህ ዓመታት ለልጆች ያላሰበች አይደለችም። በ2012 አንድነት ፓርክ ተከፈተ፤ ጥቁር ጎፈር አንበሶች እዚያም አሉ፣ ቦታቸውም ሰፋ ያለ ነው። የወዳጅነት ፓርክ ተሠራ። በ2013 እንጦጦ ላይ መንገዱ፣ መቀመጫው፣ መጫወቻው ተስተካክሎ ተከፈተ፤ እኛ ዳገቱን ተንፍሰን የምንወጣበት ጫካ ዛሬ ልጅ በጋሪ እየተገፋ ይጎበኘዋል። ሄጄ አይቻለሁ፤ ውብ ነው፤ የሠሩትን እግዚአብሔር ይስጣቸው። ነገር ግን ከአያት እንጦጦ ለመሄድ ለቤተሰቡ የትራንስፖርት ገንዘብ፣ ለአንዳንዱ ፓርክ የመግቢያ፣ ለምሳ የሚሆን ብር ያስፈልጋል። ይህ በዓመት በዓል የሚሆን ነገር ነው። የሁለት ዓመት ልጅ ግን በየቀኑ ነው መሬት መርገጥ ያለባት። የልጄ ሕንፃ ከአጠገቡ ሕንፃ የሚለይበት ባዶ ቦታ መኪና ቆሞበታል፤ ከዚያ ማዶ የነበረው ሜዳ ታጥሯል። የልጅ ልጄ ሳምንቱን ሙሉ አራተኛ ፎቅ ላይ ናት፤ የምትሰማውም እናቷ ትሰማው የነበረውን ያንኑ «ተይ፣ አትንኪ» ነው። ደረጃውን ይዛት የሚወርድ ካላገኘች ፀሐይ የምታየው በረንዳ ላይ ነው።

ትልቅ ፓርክ ጥሩ ነው። ለእኔ ግን የሚበልጥብኝ ከቤት ወጥቶ በአሥር ደቂቃ የሚደረስ፣ የማያስከፍል፣ መኪና የማይገባበት ሣር ያለው ሜዳ ነው። ዥዋዥዌ ባይኖረው ግድ የለም። ጥላ የሚሆን ዛፍ፣ እናት የምትቀመጥበት ድንጋይ፣ ውሃ ቢኖር ይበቃል። ልጅ ያለበት ሜዳ ትልልቅ ልጆችን ይጠራል፣ አረጋውያንን ይጠራል፤ ሰፈሩ ይተዋወቃል። ኳሱን አስቁሞ ልጄን ያነሣት ያ ልጅ ከዚያ ዓይነት ሜዳ የወጣ ነው።

ስለዚህ ትንንሽ ልጆች ላላችሁ የምለው ይህን ነው። «ትንሽ ያድግና ይዘነው እንወጣለን» አትበሉ፤ አሁን ይዛችሁት ውጡ። ከዚያም በሰፈራችሁ የቀረውን ባዶ መሬት ወጥታችሁ እዩት፤ ለምን እንደታሰበም ወረዳችሁን ጠይቁ። ካልታጠረ እንዳይታጠር፣ ከታጠረ በሩ ለልጆች እንዲከፈት በጽሑፍ አመልክቱ። ማመልከቻውን ስታስገቡ ልጁንም ይዛችሁት ሂዱ፤ ለማን እንደምትጠይቁ ያዩታል።